አራት መቶ ሊትር

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተደወለ፤
«ቤቴ ጨልሟል» አለ፤ «ባሕሬ ሊሞት ነው» አለ።
ባሕር? በዊኒፔግ? በጥር? በዚህ በረዶ?
ሰክሯል አልኩ በሆዴ፣ ወይ ልቡ ነጉዶ።

ከዜሮ በታች ነው፣ ሠላሳ ስምንት፤
የመኪናዬ ጎማ ደርቆ እንደ አጥንት
ሳርጀንት መንገድ ላይ እየተንቋቋ ደረስኩ፤
ሣጥኔን አንጠልጥዬ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።

ጨለማ። የጨው ሽታ።
አናክሌቶ፣ ሽማግሌው፣ በስስ ሹራብ፣ በእርጋታ፣
ብርድ ልብሱን ለመስታወቱ አልብሶ
ውሃ በጣሳ ይጨልፋል፣ ያፈሳል መልሶ፤
ይጨልፋል፣ ከፍ አድርጎ ያፈሳል መልሶ።
«ውሃው እንዲተነፍስ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው፤
«ፓምፑ ከቆመ ወዲህ እኔ ነኝ ሳንባው።»

የልጅ ልጁ ታላ፣ ካፖርት ደርባ፣
ትቆጥራለች ጣሳ፦ «ሁለት መቶ ሰባ፣
ሁለት መቶ ሰባ አንድ… ሎሎ፣ እጅህ ደከመ?»
እሱ ዓይኑን ከቴርሞሜትሩ አልነቀለ፣ አልቆመ።

ሃያ አምስት የነበረው ሃያ ሦስት ሆኗል።
«ሁለት ዲግሪ ብቻ?» አልኩት፤ «ምን ይሆናል?»
ቀና ብሎ አየኝ፣ ልጅ እንደሚያስረዳ፣ በትዕግሥት፦
«እዚያም ሁለት ዲግሪ ነው፣ በትልቁ ቤት።
እዚህ ይበርዳቸዋል፣ እዚያ ይፈላሉ፤
ቀለማቸውን ጥለው፣ ነጭ ለብሰው ይሞታሉ።»

ዋናው ብሬከር ቀልጧል።
ባትሪዬን ነክሼ ሽቦ ስፈታታ
ነገረኝ፣ ጣሳውን ሳይተው ላንድ አፍታ፦

«ቪሳያስ ደሴቶች ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበርኩ።
መረብ አልነበረኝም፤ ጠርሙስ ውስጥ ባሩድ ጠቀጠቅኩ።
ክብሪት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ባሕሩ ይገነፍላል፤
ዓሣው ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ ይንሳፈፋል።
ከአያት ቅድመ አያቴ በፊት የቆመ የኮራል ከተማ
ባንድ ማስነጠስ ጠጠር ሆነ፤
አልሰማሁትም ሲጮህ፤ ድምፅ የለውማ።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ይባላል ባገሬ፤
ግራ እጁን ያየሁት ያኔ ነው፣ ዞሬ፦
ሁለት ጣት የለውም። ጣሳውን የያዘው
በቀሩት ሦስት ነው።

በታላ ስልክ ብርሃን አንዲት ሐምራዊ ቅርንጫፍ አሳየኝ፣
ያውራ ጣት የምታህል።
«ይቺ በዓመት ብታድግ የጥፍር ያህል ነው» አለኝ።
«ያፈረስኩትን ሳሰላው
ዕድሜዬ አይበቃም፤ የታላም አይበቃ።
ከባሕር የተነቀለ እዚህ ቤት አይገባም፣
ከሰው ቤት የተባዛ ብቻ።
ሲያድግ እቆርጥና ለሚፈልግ እሸጣለሁ፤
ዋጋውን ለእህቴ ልጅ ለጀልባው ነዳጅ እልካለሁ።
ሌሊት ባሕር ይጠብቃል፣
እንደ እኔ ያለውን ያባርራል።»

ብሬከሩን ቀየርኩ። ግን የመብራት ሰዎቹ ገና አልመጡም።
እጁ ሲዝል ጣሳውን ተቀበልኩት፤ «አይሆንም» አላለኝም።
ጨለፍኩ፣ አፈሰስኩ። እጅጌዬ በጨው ረሰረሰ፤
ታላ ቆጠረች፤ ሁለት ሺህ ደረሰ።
ለአንድ አልጋ ለማይሞላ ውሃ ሦስት ሰው አደረ፤
የትልቁ ብሬከር ሲቀልጥ
ማን ነው የሚደወልለት? ማንስ ጣሳ ቆጠረ?
ይህን አሰብኩ እንጂ አልተናገርኩም፤
ቁጥሯን እንዳላጠፋባት ፈራሁ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፓምፑ ሳለና ተነፈሰ፤
ሰማያዊ ብርሃን በግድግዳው ፈሰሰ።
ብርቱካናማዋ ዓሣ ከጓዳዋ ወጣች፤
ሦስታችንን አየችና፣ ጅራቷን አዙራ ናቀች።

በሳምንቱ ለሂሳብ ስደውል ታላ አነሳች፦
«ሁሉም ደህና ናቸው። ሐምራዊዋ ግን ነጣች።»
ዝም አልን። ከዚያ፦ «ሎሎ ቁራጯን ለሰው ሰጥቶ ነበር፣
አምና፣ ብራንደን ላሉት ባልና ሚስት፤
ቅዳሜ ሄደን ከሷ ላይ ቆርጠን እናመጣለን፣
የጥፍር ያህል።»

ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ውስጥ፣ ከሽቦና ከካቻቪቴ ጋር፣
አንዲት ጣሳ አለች።
ለምንድን ነው ሲሉኝ
ለሻይ ነው እላለሁ።